ሰባቱ ብቻ ተቆጠሩልኝ

ያን ጊዜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ። ቤተሰቦቼ ደምበጫ አጠገብ ያሉ ገበሬዎች ናቸው። እኔ ደብረ ማርቆስ ከአክስቴ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን እንማር ነበር። ስንቃችን ከገበያተኛ ጋር ይላክልናል። አሁን ብታዩኝ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበርኩ መገመት ይቸግራችኋል። አጭር ነበርኩ፤ እግሬ ግን ጠንካራ ነው። ከወንዶች ጋር ተወራርጄ አጥር እዘላለሁ። ትምህርት ቤት ስሜን ትተው "ፌንጣ" ነበር የሚሉኝ።

የስፖርት መምህራችን ጋሽ አስናቀ ይባላሉ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ የጅምናስቲክ ቡድን ያሠለጥኑ ነበር። መለማመጃችን ድሮ እህል ይከማችበት የነበረ ባለ ቆርቆሮ መጋዘን ነው። እዚያ ውስጥ በእርዳታ የተገኘ አንድ ትራምፖሊን ነበረን። ለማታውቁት፣ በብረት ፍሬም ላይ፣ ዙሪያውን በሚለጠጡ የብረት ሞላዎች የተወጠረ ጠንካራ ሸራ ነው፤ ሲዘሉበት አንጥሮ ወደ ላይ ይወረውራል። መጀመሪያ የወጣሁበት ቀን የመጋዘኑን ወራጆች ከነሸረሪት ድራቸው በቅርብ አየኋቸው። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላማረኝም።

ቆሞ ለሚያይ ሰው ጨዋታው ከፍ ብሎ መገልበጥ ብቻ ይመስለዋል። ጋሽ አስናቀ ግን ነገሩን ከመጀመሪያው ቀን አልደበቁንም።

"ዳኛ የሚያየው የሠራሽውን አይደለም፤ ያበላሸሽውን ነው" ይሉኛል። "ከሙሉ ነጥብ ነው የምትነሺው። ከዚያ እየሸረፉ ይሄዱብሻል።"

ጉልበት ከታጠፈ ይሸረፋል። የእግር ጣት ካልተወጠረ፣ ሁለቱ እግሮች አየር ላይ ከተለያዩ፣ ሸራው መሃል ካለው ቀይ የመስቀል ምልክት ከራቁ ይሸረፋል። ጨርሶ ሲቆሙ ሰውነት ካልረጋም እንደዚያው። አንዱን ግልባጥ መልሰው ከደገሙት ለክብደቱ የሚሰጠው ነጥብ ለሁለተኛው አይቆጠርም። አንድ ዙር አሥር ዝላይ ነው፤ ያለ ማቋረጥ ተያይዞ መሄድ አለበት። በእግር ፈንታ በጉልበት ካረፉ፣ ሞላው ላይ ከወደቁ ወይም ዙሪያውን ከሚቆሙት ጠባቂዎች አንዱ ከነካ እዚያው አበቃ። እስከዚያ የተሠራው ብቻ ይቆጠራል፤ የቀረው እንዳልነበረ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት ነበር የደገምኩት። ሌሊት ብትቀሰቅሱኝ እነግራችሁ ነበር።

በዚያ ዓመት የክልሉ ውድድር ደብረ ማርቆስ ላይ እንደሚደረግ ተነገረን። ከሴቶቹ አንደኛ የምትወጣው አዲስ አበባ ማሠልጠኛ ገብታ፣ እዚያው እያደረችና እየተማረች ትሠለጥናለች ተባለ። ጋሽ አስናቀ ይህን ሲነግሩን ሁሉንም አዩና እኔ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ሳያነሱ ቆዩ። ገባኝ።

ችግሩ ቤት ነበር። በዚያው ዓመት የእናቴ ዓይን ጠፋ። ቀስ በቀስ ሲደክም ከርሞ ነበር፤ እኔ ግን ያወቅኩት ለገና ስሄድ ነው። ከበር ላይ ድምፄን ሰምታ መጣችና ፊቴን በእጇ ዳበሰችው። ከግንባሬ ጀምራ እስከ አገጬ። "ከሳሽብኝ" አለችኝ። ቤቱ ውስጥ ሴት ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። ወንድሞቼ ከእርሻና ከከብት ውጭ የሚያውቁት የለም።

አባቴ ልመለስ ስል በረቱ በር ላይ አቆመኝ።

"የሺ፣ እናትሽን ማን ያያታል?"

ስለ ውድድሩ ነገርኩት። መሬት መሬት እያየ ሰማኝ።

"ዝላይ ነው ያልሽኝ?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"ለዝላይ አዲስ አበባ ወስደው ያስተምራሉ?"

"አንደኛ ለወጣች ያስተምራሉ።"

"ከወሰዱሽ አክስትሽን ለምኜ አመጣታለሁ። የእግዜር ፈቃድ ነው ብዬ እተወዋለሁ" አለኝ። "ካልወሰዱሽ ግን ጠቅልለሽ ግቢ። ምን ላድርግ፣ የሺ? እንዳትቀየሚኝ።"

ክፉ አባት አልነበረም። ይህን የምለው ታሪኩን ስትሰሙ እንዳትረግሙት ነው።

ውድድሩ የካቲት ላይ ዋለ፤ ጾም ገብቶ ነበር። አባቴ በጠዋቱ መኪና ከደምበጫ መጣ። ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ አዳራሹ በር ላይ ቆመ፤ የሚገባበት ጠፍቶት። ሄጄ እጁን ይዤ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ስዘል አይቶኝ አያውቅም ነበር። ጠባቧን የመወዳደሪያ ልብሴን ሲያይ ፊቱን ወደ ጣሪያው አዞረ።

"ያ ነው?" አለኝ ትራምፖሊኑን በአገጩ እያሳየ።

"ያ ነው።"

"ከፍ ያለ ነው።"

ጠዋት የመጀመሪያውን ዙር ሠራን። ይህ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት የሚሠራው ነው፤ ዝላዮቹ ቀላል ናቸው። አሥሩንም አሳምሬ ጨርሼ ቆምኩ። ግን አልረጋሁም። ደስታ ነው መሰለኝ፣ ቀኝ እግሬ አንዲት እርምጃ ወደፊት ሄደች። ያችው እርምጃ ተሸረፈችና ከሌላ ዞን ከመጣች አንዲት ረዥም ልጅ ቀጥዬ ሁለተኛ ሆንኩ። በመካከላችን ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

"የተሸረፈብሽ ከሰዓት ይመለሳል" አሉኝ ጋሽ አስናቀ። "ከሰዓት ሁሉም የመረጠውን ነው የሚሠራው፤ ያንቺ ዙር ከሷ ይከብዳል፣ ለክብደትም ነጥብ አለው። አሥሩን ከጨረስሽ ማንም አይደርስብሽም። መጨረስ ብቻ ነው።"

ምሳ ሰዓት ላይ አባቴን ውጭ፣ ጥድ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ጾሙን አልፈታም።

"አሸነፍሽ?" አለኝ።

"ገና ነው፣ አባዬ። ሌላ ዙር አለ።"

"ስትወጪ ዓይኔን ጨፈንኩ" አለ። "ሸራው ሲጮህ ነው ደህና መሆንሽን የማውቀው።"

ከሰዓት በኋላ ተራዬ ሲደርስ የአዳራሹ ቆርቆሮ በፀሐይ ሞቆ ይንጣጣ ነበር። ጠባቂዎቹ በአራቱም ጎን ቆሙ። በግራ በኩል ያሉት ጋሽ አስናቀ ናቸው። የጠባቂ ሥራ ሰው ከሸራው ውጭ ሲወድቅ መያዝ ነው፤ ካልወደቀ ግን እጁን መሰብሰብ አለበት።

"መስቀሉን ብቻ እይ" አሉኝ በቀስታ። "ሌላ ምንም አትይ።"

ዋና ዳኛዋ እጇን አነሳች። ከፍታ ለማግኘት ዝም ብዬ ቀጥ ብዬ ዘለልኩ፤ ከዚያ ጀመርኩ። ከመጀመሪያው ግልባጥ ሳርፍ እግሬ መስቀሉ ላይ ነበር። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ከሕዝቡ አንድ ሰው "ይበል!" ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ የሚባል አልሰማሁም። በሕይወቴ እንደዚያ የተመቸኝ ጊዜ የለም። ሰውነቴ የሚያደርገውን ያውቃል። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ጣቴ ተወጥሯል፣ ጉልበቴ ገጥሟል፤ ከየትም የሚሸረፍ አልነበረኝም።

ሰባተኛውን ሳርፍ ክብደቴ ግራ እግሬ ላይ ትንሽ በዛ። በጣም ትንሽ። መሬት ላይ ቢሆን ልብም አይባልም። ትራምፖሊን ግን ስህተቱንም አብሮ አንጥሮ ይመልስልሻል። ስምንተኛውን ስገለበጥ ወደ ግራ እየሄድኩ መሆኑ ተሰማኝ። አልፈራሁም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አልፈራሁም። ልምምድ ላይ ብዙ ጊዜ ደርሶብኝ ያውቃል። ሸራው ጫፍ ላይ በእግሬ አርፋለሁ፣ በሚቀጥለው ዝላይ ወደ መሃል እመለሳለሁ። ይሸረፍብኛል እንጂ አይቋረጥብኝም። ይህን ሁሉ አየር ላይ አሰብኩት። ከመሬት ሲርቁ ጊዜው ይረዝማል። ከላይ ሆኜ ሸራውን አየሁት፤ እግሬ ሊደርስበት ነበር።

ከዚያ ወገቤ ላይ እጅ አረፈ።

ጋሽ አስናቀ ፍሬሙ ላይ ዘለው ወጥተው አቅፈው ነበር የቀለቡኝ። አብረን ሸራው ላይ ወደቅን። ሸራው አንድ ሁለት ጊዜ ካነጠረን በኋላ ቆመ። ፊታቸው ፊቴ አጠገብ ነበር፤ ወዝ ጠፍቶት አመድ መስሏል።

"ለምን ነካኸኝ?" አልኳቸው።

ከዚያ በፊት አንተ ብያቸው አላውቅም። ጮክ ብዬ ነው፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል።

"ለምን ነካኸኝ? ልደርስ እኮ ነበር!"

ከሸራው ወርደው በቀጥታ ወደ ዳኞቹ ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው። ዋና ዳኛዋ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው።

"አሠልጣኝ፣ ነክተዋታል" አለቻቸው።

"ልትወድቅ ነበር።"

"ሊሆን ይችላል። ግን ደንቡን ያውቁታል።"

"ደንቡን ያስተማርኳት እኔ ነኝ! ሞላው ላይ ብታርፍ እግሯ ይሰበራል። ከዚያ ካለፈች ሲሚንቶ ነው። ዝም ብዬ ልያት?"

"ደግ አደረጉ፤ እኔም ብሆን እይዛታለሁ" አለች ዳኛዋ። "ግን እኛ ሊሆን የነበረውን መዳኘት አንችልም። በእግሯ ሸራው ላይ አርፋ ቢሆን ቅናሽ ሰጥተን እንቀጥል ነበር። አላረፈችም። እጅ ከነካት ስምንተኛው የለም።"

"እንደገና ትሥራ።"

"አይቻልም።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች። "ሰባቱ በጣም ያማሩ ነበሩ" አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። ለእኔ ግን በዱላ ከመመታት አይተናነስም።

ረዥሟ ልጅ ከኔ በኋላ ወጣች። ጉልበቷ ይታጠፋል፣ ከመስቀሉ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ስትጨርስ ሁለት ጊዜ ተንገዳገደች። ግን አሥሩንም ጨረሰች። ሰባት ዝላይ ምንም ቢያምር አሥር አይሆንም። እኔ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ወደቅኩ።

ውጤቱ ሳይነበብ አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። ጋቢው ከትከሻው ወርዶ መሬት ይጎተታል። ወደ እኔ መስሎኝ ነበር። አልፎኝ ሄዶ ጋሽ አስናቀ እግር ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። እሳቸው ደንግጠው በክንዱ ያዙት።

"ኧረ አይገባም፣ አባቴ፣ ይተዉ!"

"መምህር፣ ልጄን ከሞት አተረፉልኝ" አለ አባቴ። "እኔ ገና ከወንበሬ ሳልነሳ እርስዎ ደረሱላት። ልጅዎ ይባረክ። እጅዎ ይባረክ።"

ትከሻቸውን ሳመ። ከዚያ እጃቸውን ይዞ ያንን እጅ ሳመው። ጋሽ አስናቀ ቀና ብለው ማንንም ማየት አልቻሉም።

"አባዬ፣ ተሸነፍኩ እኮ" አልኩት።

"እግርሽ ደህና ነው?"

"ተሸነፍኩ ነው የምልህ!"

ቁጢጥ ብሎ ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጁ እየጨበጠ አየው፤ በሬ ሲያነክስ እንደሚያየው። "ደህና ነው" አለ። "ተመስገን። በቃ አታልቅሽ፤ አልፏል።" የማለቅሰው ደንግጬ መስሎት ነበር።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ጋሽ አስናቀ አንድ ካሜራ የያዘ ሰው ይዘው መጡ። ሰርግ የሚቀርጽ የከተማው ልጅ ነው፤ ውድድሩንም ሲቀርጽ ውሏል። በካሜራዋ ትንሽ መስታወት መልሶ አሳየን። ራሴን ስገለበጥ አየሁት። ሰባተኛው፣ ከዚያ ስምንተኛው፣ ከዚያ ወደ ግራ ስሄድ። እግሬ ሲወርድ የጋሽ አስናቀ ጀርባ ብድግ ብሎ ሁሉን ሸፈነው። ሸራውም፣ ሞላውም፣ እኔም አልታየንም። መልሰን አየነው። አሁንም ጀርባቸው ብቻ ነው።

"ጀርባዬ ነው" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ከአባቴ ጋር መናኸሪያ ሄድን። ልብሴንና ደብተሬን በአንድ ማዳበሪያ ጠቅልዬ ነበር። አባቴ ማዳበሪያውን መኪናው ላይ ሲያስጭን ጋሽ አስናቀ መጡ። ሌሊቱን ያልተኙ ይመስላሉ።

"ዓመቱን እንኳ ጨርሺ ብዬ አባትሽን ለምኜ ነበር" አሉኝ።

"ምን አለ?"

"እናቷ እሳት ላይ ልትወድቅ ነው አለኝ። ምን እላለሁ?"

ረዳቱ "ደምበጫ! ደምበጫ!" እያለ ይጣራል።

"እወድቅ ነበር?" አልኳቸው።

"እጄ ነው የሄደው፤ እኔ አላሰብኩበትም።"

"እወድቅ ነበር ወይ?"

ሊዋሹኝ ይችሉ ነበር። አዎ ቢሉኝ ምናልባት አምኜ እኖር ነበር።

"አላውቅም፣ የሺ" አሉኝ።

መኪናው ላይ ወጣሁ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ የዚህ ዓይነት ታሪክ ሲነገር መጨረሻው ላይ ሌላ በር ተከፈተልኝ ማለት የተለመደ ነው። እኔ አልተከፈተልኝም። እናቴን ተንከባከብኩ። እሷም ትምህርቴን ያስተወኝ ዓይኗ መሆኑን ታውቃለችና ቀስ በቀስ ነገር መጠየቅ ተወች። ውሃ ጠምቷት ዝም ትላለች፤ እኔን ላለመጥራት። እየተነሳች ስትዳብስ ወድቃ የማገኛት ለዚያ ነው። አንድ ቀን ተቆጣኋት፤ "ለምን አትጠሪኝም?" ብዬ። "ብዙ ወሰድኩብሽ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስለዚያ ነገር ሳናወራ ኖርን። ስትሞት እጇ ፊቴ ላይ ነበር።

ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። አገባሁ፣ ወለድኩ፤ ደምበጫ ከተማ ገብቼ የልብስ ንግድ ያዝኩ። ሰዎች ይህን ታሪክ ትንሽ ሲሰሙ "ዋናው በሕይወት መኖርሽ ነው" ይሉኛል። ልክ ናቸው። ግን ሰው በሕይወት ስለኖረ ብቻ ሐዘኑ ይቀርለታል ወይ? ወድቄ ብሰበር ዕጣዬ ነው እል ነበር። ተሸንፌ ብሆን የተሻለችኝ አሸነፈችኝ እል ነበር። እኔ ግን አልወደቅኩም፤ ተሸነፍኩ ለማለትም ይቸግረኛል። አየር ላይ ነው የቀረሁት። የበደለኝ ሰው የለም፤ የምቀየመው ሰው ማጣትም አንድ ሸክም ነው።

አምና ደብረ ማርቆስ ለዘመድ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ትኩር ብለው ያዩኛል። ጋሽ አስናቀ ነበሩ። ጠጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ሞት እግዜር ያጽናሽ አሉኝ። ስለ ቡድኑም ጠየቅኳቸው።

"ትቼዋለሁ" አሉ። "ካንቺ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። እንዳንቺ አጭር። ውድድር ላይ ወደኔ በኩል መጣችብኝ። እጄን ልዘረጋ ስል ያንቺ ድምፅ መጣብኝ። 'ለምን ነካኸኝ' ያልሽኝ። ልደርስ ነበር ያልሽኝ። ትደርስ ይሆናል ብዬ ቆምኩ።"

"ከዚያስ?"

"አልደረሰችም። አሁን በክራንች ነው የምትሄደው። እዚሁ ከተማ ናት፤ አንዳንዴ መንገድ ላይ እንገናኛለን።"

ለቀስተኞች እየገቡ እየወጡ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ የጮህኩት ልጅ ስለሆንኩ ነው። ይህን ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ የሚጠቅማቸው አልመሰለኝም። እጃቸውን አየሁት። ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ የደም ሥሩ ወጥቷል።

"እወድቅ ነበር፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ቀና አሉ።

"በአንገቴ ነበር የምወድቀው። ሲሚንቶውን አይቼዋለሁ። እርስዎ ባይዙኝ ዛሬ አልኖርም።"

አላየሁም። ያየሁት ሸራውን ነው። እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን የማየው ሸራውን ነው።

ጋሽ አስናቀ ትኩር ብለው አዩኝ። አመኑኝ ይሁን አላመኑኝ ከፊታቸው መለየት አልቻልኩም።

"ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ" አሉ።

ሰዎች መጥተው በመካከላችን ተቀመጡ፤ እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ። መናኸሪያ ስደርስ የደምበጫው መኪና ሞልቶ ነበር። ሌላው እስኪመጣ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ።